ከሲስተር ጋር መኪና የገዛን ለት

ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሲስተርና እኔ መኪና ልንገዛ ከመካነ ሰላም ተነስተን ደሴ ሄድን። ሲስተር የምላት በክሊኒካችን ትሠራ የነበረችውን ፈረንጅ ነርስ ነው። ስሟ ለአፍ ስለማይመች አገሩ ሁሉ ሲስተር ነበር የሚላት። እኔ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን አስተርጓሚዋ ነኝ። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ስለነበር፣ እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ቢሆንም ለሁለታችን ይበቃን ነበር። በእንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የሚባል ልዩነት ስለሌለ፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም በልቤ አንቺ ነበር የምላት።

መኪናው የተፈለገው ለምቾት አልነበረም። በዚያ ክፉ ጊዜ የእርዳታ እህል በትልልቅ መኪና ወረኢሉ ድረስ ይመጣና፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለትልቅ መኪና ስለማይሆን፣ እዚያ ይራገፋል። ከወረኢሉ ወደ እኛ የሚያሻግረው ግን ጠፋ። በደጉ ዘመን አህያ ነበር የሚያመላልሰው። አህያው በድርቁ አለቀ፤ የተረፈውም የራሱን ጆሮ መሸከም አቅቶት በየጥጉ ቆሞ ይውላል። አቅም ያለው ሰው ወረኢሉ ድረስ በእግሩ ሄዶ የደረሰውን ተሸክሞ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሄዶ ሳይመለስ ይቀራል። አቅም የሌለው ደግሞ ክሊኒካችን በር ላይ መጥቶ ይተኛል። ለተራበ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል? ሲስተር ለአገሯ ሰዎች ደጋግማ ጻፈች። የተወለደችበት መንደር ሰዎች አዋጡና ደሴ ባንክ ገንዘብ ላኩላት፤ ጂፕ ግዢበት አሏት።

እኔን ያስጨነቀኝ ግዢው ነበር። ሲስተር መከራከር አታውቅም። ገበያ ስንወጣ ባለ እንቁላሏ የጠራችውን ዋጋ ሳትከራከር ትከፍላለች። “ለምን ሁለተኛ ዋጋ ትጠይቂያቸዋለሽ? የመጀመሪያው ውሸት ነው ማለት ነው?” ትለኛለች። “ውሸት አይደለም፣ ዋጋ ነው” እላታለሁ። አይገባትም። እንቁላል ሲሆን ያስቃል፤ ጂፕ ሲሆን ግን የአንድ መንደር ሰው ያዋጣው ገንዘብ ነው፣ በሩ ላይ የሚተኛውም ሰው አለ።

ወረኢሉ ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳ በጫነ መኪና ተሳፍረን ደሴ ገባን። ከተማው ከማውቀው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ከገጠር የወጣ ሰው በየአጥሩ ሥር ተደግፎ ተቀምጧል። ፒያሳ ላይ ወታደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይዞራሉ። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። የእገሌ መጋዘን ተፈተሸ፣ የእገሌ ቤት ታሸገ ይባላል። ያደርንበት ቤት ባለቤት እራት ሲያቀርቡልን፣ “ገንዘብ ወደ ውጭ ሊያሸሽ ነበር ተብሎ አንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት ወሰዱት፤ እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም” አሉኝ። ይህን ለሲስተር አልተረጎምኩላትም። መኪና ልንገዛ ነው የመጣነው፣ ምን ያገናኘናል ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መሸጫው ሄድን። ተማሪ ሳለሁ በዚያ በር ሳልፍ በመስታወቱ ውስጥ አዳዲስ መኪኖች ተደርድረው አይ ነበር። ያን ለት የቆመው አንድ ብቻ ነበር፦ ረጅም፣ አመድማ ጂፕ፣ ከኋላው ተጎታች የተቀጠለለት። ሲስተር ስታየው ክንዴን ያዘችኝ። “እሱ ነው” አለች። “መውደድሽን በፊትሽ አታሳዪ” አልኳት።

የመሸጫው ባለቤት አባታቸው ከባሕር ማዶ መጥተው ደሴ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ደሴ ተወልደው፣ ደሴ አድገው፣ ጸጉራቸው እዚያው የሸበተ ነው። ያም ሆኖ ከተማው ፈረንጁ እያለ ነው የሚጠራቸው። ገና ከበሩ ገብተን ከወሎ ቦረና መምጣታችንን ስነግራቸው ብድግ አሉ።

“እንዴት አደራችሁ? ሰላም ናችሁ? ቦረና እንዴት ናት? ሰዉስ እንዴት ሰንብቷል?”

“አልሐምዱሊላህ፤ እንዳለ አለ” አልኳቸው። አባቴ መርጌታ ናቸው፤ እኛ አገር ግን ይህን ቃል ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል ይለዋል።

ሲስተር ባለፈው ዓመት አንድ የአገሯ ሰው ይህንኑ ዓይነት ጂፕ ከዚሁ ቤት በዐሥራ ስድስት ሺህ ብር መግዛቱን ታውቅ ነበር። ያለን በጠቅላላው ዐሥራ ሰባት ሺህ ነው። ከዚያ ላይ ነዳጅና ትርፍ ጎማ ይገዛል። ባለቤቱ የጠሩት ዋጋ ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ተኩል ሆነ።

“ለምን?” አለች ሲስተር። ተረጎምኩ።

“ነዳጅ ጨመረ፣ የመርከብ ዋጋ ጨመረ። ደግሞም ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ መምጣቱን አላውቅም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ለእሷ እንዲህ አትበያት እንጂ፣ እነሱ አገር ይህ ገንዘብ ምንም አይደለም። ትንሽ ብትገፊያት ትከፍላለች። አንቺንም አልረሳሽም” አሉኝ።

“ምን አለ?” አለችኝ ሲስተር።

“ለእኔም ሊሰጡኝ ነው፣ አንቺ ብዙ እንድትከፍዪ ካደረግሁ” አልኳት።

ሲስተር ፊቷ ቀላ። ባለቤቱ እንግሊዝኛ ባይናገሩም ምን እንዳልኩ ፊቷን አይተው ዐወቁ። አላፈሩም፤ ሳቅ አሉና ሻይ አስመጡልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ረጅም ነበር። እኔ ከባለቤቱ ጋር ብዙ እናገርና ለሲስተር በአጭሩ እነግራታለሁ። ይህ አበሳጫት። “አምስት ደቂቃ አወራችሁ፤ አንቺ የነገርሽኝ ግን ‘አይሆንም አለ’ ብቻ ነው። ሌላው የት ሄደ?” አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኔ የለመንኩበትን፣ የማልኩበትን፣ ልጆቻቸውን የመረቅኩበትን፣ እሳቸውም ወላሂ ያሉበትን ሁሉ ብተረጉምላት ምን ይጠቅማታል? ዋጋው ላይ የጨመረው የለ፣ የቀነሰው የለ። ግን ዓይኗ ላይ ያየሁት ነገር ከበደኝ። ከሰውዬው ጋር ተመሳጥረሽ ይሆን የሚል ዓይን ነበር። ባልነግራት የሚሻለኝን የእጅ መንሻ ነግሬያት እንኳ ከጥርጣሬዋ አልዳንኩም።

እኛ ዐሥራ ስድስት ሺህ ተኩል ላይ ቆምን፣ እሳቸው ዐሥራ ስምንት ሺህ ተኩል ላይ። ሲስተር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። ገበያ ላይ ይህን ዘዴ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር የወጣችው። መንገዱን ከመሻገራችን በፊት ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመው ጠሩን።

ስንመለስ ጸሐፊያቸውን ወደ ውጭ ላኩና በሩን ዘጉ። ከጠረጴዛቸው ተነስተው እኔ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለውጧል።

“እህቴ፣ አሁን የምልሽን ደህና አድርገሽ ተርጉሚላት። በዐሥራ አራት ሺህ ትውሰደው። ትርፍ ጎማውን እጨምርላታለሁ፣ ነዳጁንም እሞላላታለሁ። ግን ገንዘቡን እዚህ አልፈልገውም። አገሯ ላይ እህቴ አለች፤ ገንዘቡን ለላኩላት ሰዎች ትመልስና እነሱ ለእህቴ ይክፈሉልኝ። እዚህ ገንዘብ ማለፉን ማንም አያውቅም።”

እጄ ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማታ የሰማሁት ጸሐፊ ትዝ አለኝ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ወደ እሷ ጆሮ የማደርሰው እኔ ነኝ። ነገሩ ቢወጣ ማን ነበረ፣ ማን አስማማ ሲባል መካከል ላይ የምገኘው እኔ ነኝ።

“ይህን አልተረጉምም” አልኳቸው።

“ለምን?”

“ስለምፈራ።”

“እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?” አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ሆነ። “ሰላሳ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። ዛሬ ይሁን ነገ ሊወስዱት ነው። ልጆቼን የማወጣበት ቢኖረኝ ብዬ ነው እንጂ እኔ እዚሁ ነኝ። ከዚህ የት እሄዳለሁ? ሌላ አገር አላውቅም።”

ሲስተር ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። “ምንድን ነው የሚለው? ንገሪኝ። ሁሉንም፣ አሳጥረሽ አይደለም።”

ሁሉንም ነገርኳት። የሳቸውን ሐሳብ፣ የእህታቸውን ነገር፣ የልጆቻቸውን ነገር። የተወሰደውን ጸሐፊም ያን ጊዜ ነገርኳት። በመጨረሻ፣ “እኔ ፈርቻለሁ” አልኳት። ይህንን ቃል ለሲስተር ብዬው አላውቅም ነበር፤ የሬሳ ክፍል ስንገባ እንኳ።

ሲስተር ጂፑን አየችው። በዐሥራ አራት ሺህ ከገዛን የሚተርፈው ገንዘብ ለስንት ጊዜ ነዳጅ እንደሚሆን እኔም እሷም እናውቃለን። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረች። “ቢታወቅ ማን ይጎዳል?” አለች። ተረጎምኩላቸው።

አልዋሿትም። “አንቺን አውሮፕላን ላይ ያሳፍሩሻል። እኔን ያስሩኛል፤ ቤቱንም ይወስዱታል፤ እሱስ መወሰዱ አይቀርም። እሷን...” አሉና ወደ እኔ እያዩ ቃሉን ሳይጨርሱ ተዉት።

የመጨረሻዋን መተርጎም አላስፈለገም። ሲስተር “አይሆንም” አለች፣ በአማርኛ። ከምታውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ነው። ባለቤቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። “እንግዲያው ዐሥራ ስምንት ተኩል ነው። ከዚያ በታች አልችልም” ብለው በሩን ሊከፍቱ ተነሡ።

በሩ ሲከፈት አንድ መኮንን ገባ። ሁለት ወታደሮች ተከትለውታል። ባለቤቱ ወዲያው፣ “ይግቡ፣ መቶ አለቃ፣ ይግቡ” አሉ። ፊታቸው ወረቀት መስሏል። እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲሰማን የቆየ መሰለኝ። ሲስተር እንኳ ምንም ሳይገባት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

መቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ጂፑን አንድ ጊዜ ዞረው፤ ጎማውን በጫማው ነካ አደረገ።

“ለሥራ የሚሆን ያልተሸጠ መኪና ሁሉ ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳይፈቀድ አይንቀሳቀስም” አለ። “ይህ ተሽጧል?”

ባለቤቱ አልተሸጠም ቢሉ መኪናው ሄደ። ተሽጧል ቢሉ ገዢው የታለ፣ በስንት ተሸጠ ይባላሉ። እኛን አዩን። መቶ አለቃውም ዓይናቸውን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ፣ ይህችን ፈረንጅ ይዘሽ የመጣሽው መኪናውን ልትገዛ ነው?”

“አዎ፣ ጌታዬ።”

“ገዛች?”

ለሲስተር ለመተርጎም ጊዜ አልነበረም። ቆይ ልጠይቃት ብል ነገሩ ገና መሆኑ ይታወቃል። “ገዝታለች” አልኩ።

“በስንት?”

“በዐሥራ ስድስት ሺህ ተኩል።”

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ ያለ አተያይ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ንዴት ነው፣ መገረም ነው፣ ሌላም ነገር ነው። መቶ አለቃው ጠየቃቸው፦ “እውነት ነው?”

ቃሌን ቢክዱት እኔን ያስሩኛል ብዬ አሰብኩ። “እውነት ነው” አሉ። “ገንዘቡን ባንክ ልታስገባልኝ ልንሄድ ስንል ነው የመጡት።”

“እሷስ ምን ትላለች?” አለ መቶ አለቃው፣ በአገጩ ሲስተርን እያመለከተ። እኔ ፈገግ ለማለት እየሞከርኩ በእንግሊዝኛ፣ “አዎ በይ። ምንም ሳትጠይቂኝ አዎ በይ” አልኳት።

ሲስተር አየችኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ስትጠራጠረኝ የቆየች ሴት ናት። ምን ላይ አዎ እንደምትል አታውቅም። “አዎ” አለች፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ።

መቶ አለቃው ግን እንዲሁ አልለቀቀንም። “ለምን ሥራ ነው?” አለኝ። ነገርኩት። ስለ ወረኢሉ መጋዘን፣ ስላለቀው አህያ፣ ክሊኒካችን በር ላይ ስለሚተኙት። ይህ እውነት ስለነበር አላቋረጥኩም። ወታደሮቹ አንገታቸውን ደፉ። እሱ ፊቱ አልተለወጠም። “ገንዘቡ ባንክ ሲገባ አያለሁ። ካላየሁ መኪናው አይወጣም” አለ።

እናም እንደዚያው ሆነን ባንክ ሄድን፦ ፊት መቶ አለቃው፣ ቀጥሎ ባለቤቱ፣ ሲስተርና እኔ፣ ከኋላ አንድ ወታደር። ሁለተኛው ጂፑን ሊጠብቅ ቀረ። መንገደኛው የታሰርን መስሎት ቆሞ ያየናል። አንዲት የማውቃት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ “ያረቢ!” ስትል ሰማኋት። ባንኩ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቷል። እኛን ሲያዩ ግን አሳለፉን። ሲስተር ፈረመች። የፈረመችውን ስታይ ግን ዋጋው ገባት። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ባለቤቱ የሚገባውን ገንዘብ እንደ ሬሳ ሲሸኙት ቆሙ። መቶ አለቃው ሲያበቃ ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ምንም ሳይል፣ ሄደ።

ወደ መሸጫው ስንመለስ ስድብ ጠበቅሁ። ባለቤቱ ቁልፉን ለሲስተር ሰጧት፤ ከዚያ ለእኔ፣ “አንቺ ልጅ፣ ለእሷ ነበር ወይስ ለእኔ ነበር የተረጎምሽው?” አሉኝ። መልሴን ግን አልጠበቁም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ኮፈኑን ከፈቱና ዘይቱ በየት እንደሚታይ፣ ዳገት ላይ የትኛው ማርሽ እንደሚገባ፣ ተጎታቹ እንዴት እንደሚፈታ ለሲስተር አንድ በአንድ አሳዩዋት፤ እኔ እየተረጎምኩ። ስንወጣ ትርፍ ጎማ ከኋላ ጫኑልን። ስንት ነው ስላቸው፣ “ሂዱ ብያለሁ” አሉ።

ሲስተር ከደሴ ከወጣን ጀምሮ አላናገረችኝም። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊት ብቻ ታያለች። ጉጉፍቱ የሚባለው ደጋ ላይ ብርዱ መስኮቱን ሲመታ ጠርዝ ይዛ አቆመች።

“በእኔ ስም ተናገርሽ፤ ሳትጠይቂኝ” አለችኝ።

“ጊዜ አልነበረም።”

“ሰውዬው ‘ውሸት ነው’ ቢል ኖሮስ? ጠዋት ያን ሁሉ ገንዘብ እምቢ ያልኩት አንቺን ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ሄደሽ ራስሽን እዚያው ውስጥ ጨመርሽ።”

የተቆጣችው ስለ ዋጋው መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ቀኑን ሙሉ የያዝኩት እንባ የመጣው፤ እሷም መሪው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳችና፣ “ሌላ ጊዜ ቢያንስ በእግርሽ ንኪኝ” አለች። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ባለቤቱ የፈሩት ደረሰ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቤቱ ተወሰደ ሲሉ ሰማሁ። ያን ሁለት ሺህ ብር በእኔ አፍ ምክንያት አጡት እላለሁ፤ ደግሞ ያኔውኑ ባይሸጡት መኪናውንም ገንዘቡንም ባጡ ነበር እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ አንዱን መርጬ መያዝ አልቻልኩም። ልጆቻቸው ወጥተዋል ያለኝ ሰው አለ። እሳቸውን ደግሜ አላየኋቸውም።

ወረኢሉ ደርሰን እስከ ቻልነው እህል ጫንን፤ ጂፑም ተጎታቹም እስኪጎብጥ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም ስንገባ የተቀበለን እልልታ አልነበረም፤ ለእልልታ የሚሆን ትንፋሽ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሰዎች ከአጥር ሥር ተነስተው ቀስ ብለው ወደ ክሊኒኩ መከተል ጀመሩ። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ኮፈኑን በመዳፋቸው ሊባርኩ ነክተውት፣ ትኩስ ሆኖባቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። “ይህ ነገር ታሟል እንዴ?” አሉኝ። ሲስተር ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ከደሴ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወርደን ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመርን።